በጋሽ ከድር ዳሌ ውስጥ የተገኘው

እኛ ሰዎች አጥንት መቁጠር እንወዳለን። እንግዳ ወንበር ስቦ በቅጡ ሳይቀመጥ «የማን ልጅ ነህ? እናትህስ ከወዴት ናቸው?» ብለን እስከ ሰባት ቤት ወደ ኋላ እንነዳዋለን። መልሱ ከጣመን የእኛው አጥንት ይሆንና ምሳ ይቀርብለታል፤ ካልጣመን «አጥንቱ አይታወቅም» ተብሎ ሻይ ይበቃዋል። ሐዋሳን በመሰለ፣ ሁሉም ከየአገሩ ተጠራቅሞ በሚኖርበት ከተማ ደግሞ ቆጠራው ማለቂያ የለውም፤ አንዱን ቆጥረን ሳንጨርስ ሌላው ከአውቶቡስ ይወርዳል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አጥንት ስንቆጥር አጥንቱን ራሱን አውጥቶ ያየ የለም።

እኛ ሰፈር ግን አጥንት የምር ተቆጠረ። ቆጣሪዋ አንዲት ወጣት ሐኪም ነበረች። የጠየቀችውም ስለ ዘር ማንዘር አይደለም፤ ዚንኩ ስንት ነው፣ መዳቡ ስንት ነው፣ እርሳሱስ የሚል ነው። የተቆጠረው የጎረቤቴ የጋሽ ከድር አጥንት ነው። የሰው ገበና ላወራላችሁ የተቀመጥኩ እንዳይመስላችሁ ታዲያ። ከዚያ አጥንት ውስጥ የእኔም ጉድ አብሮ ወጥቷል።

ጋሽ ከድር ከስልጤ በጉርምስናቸው መጥተው፣ መናኸሪያ አካባቢ ራዲያተር እየበየዱ ሰባ ዓመታቸውን የደፈኑ ሰው ናቸው። ዳገት ላይ ያፈላ አውቶቡስ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ሚኒባስ፣ ሞተሩ ሊቃጠል አንድ ሐሙስ የቀረው አይሱዙ፣ ሁሉም መጨረሻው እሳቸው ግቢ ነው። ራዲያተሩን በርሜል ውሃ ውስጥ ይነክሩና አየር ይነፉበታል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን በጋዝ እሳት ያግሉና ስታኞ ያቀልጡበታል። ስታኞ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል ነው፤ እንደ ሽቦ ቀጥኖ፣ ተጠቅልሎ ይመጣል። ሁለቱም እጃቸው ሥራ ላይ ሲሆን ሽቦውን በጥርሳቸው ይይዙታል፤ ልብስ ሰፊ መርፌውን በከንፈሩ እንደሚይዘው ማለት ነው። በዚያው እጅ ዳቦ ይቆርሳሉ፤ በዚያው እጅ ይጨብጧችኋል።

እኔ ከግንቡ ወዲህ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በዚሁ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ከበረንዳዬ ላይ ሆኜ የጋሽ ከድር ግቢ ወለል ብሎ ይታየኛል። አመሻሽ ላይ ሁለታችን ወደ ሐይቁ እንወርድና እስከ ጉዱማሌ መናፈሻ ሄደን እንመለስ ነበር። እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ፤ «መምህር» ነው የሚሉኝ። አንዳንዴ መንገድ ላይ ቆም ብለው ሆዳቸውን ይይዙና «ቆረጠኝ» ይላሉ። ሁለታችንም ጥፋቱን ጥሬ ሥጋ ላይ ጥለን መንገዳችንን እንቀጥላለን። ሥጋ እንደሆነ ስሙን የሚያስመልስ ጠበቃ የለው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም የግራ ዳሌያቸው ማመም ጀመረ። በመጀመሪያ ወጌሻ አሸው፤ ባሰበት። ቀጥሎ ሽርሽራችን ቀረ። ከዚያ ሥራውን ልጃቸው ነጂማ ተረከበች። ነጂማን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ ሹፌሮች መጀመሪያ «ወንድ የለም እንዴ?» ብለው ይገባሉ፣ ሲወጡ ስልኳን መዝግበው ይወጣሉ። አባቷ ስለ እሷ ሲናገሩ «ከእኔ የተሻለ ትይዛለች» ይላሉ፤ ስታኞውን ማለታቸው ነው። እሳቸውን የጎዳቸው ግን ሥራ መተዉ አልነበረም። መስጊድ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገዳቸው ነው። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦

«ዕድሜዬን በሙሉ ለሹፌር መኪና ስጎነበስ ኖሬ፣ ፈጣሪዬ ፊት ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ።»

ራጅ ተነሱ። የመጋጠሚያው ልም አጥንት አልቆ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል ተባለ። መፍትሔው አንድ ነው፤ ያረጀው የዳሌ መጋጠሚያ ወጥቶ በምትኩ ከብረት የተሠራ ይገባል። ለምክክር ሆስፒታል ሲቀርቡ እኔና ነጂማ አብረናቸው ነበርን። ቀዶ ሐኪሙ ለማሳያ የያዘውን መጋጠሚያ ሰጣቸው። ጋሽ ከድር ያንን ዕቃ እንደ ሕመምተኛ አላዩትም። ክብደቱን በእጃቸው መዘኑት፣ በጥፍራቸው መቱትና ድምፁን አዳመጡ፣ ብየዳው የታለ ብለው አገላበጡት። ምን ብረት ነው ሲሉ ቲታኒየም ተባሉ። በምን ይያያዛል፣ ስንት ዓመት ያገለግላል፣ ቢላላ ማን ያጠብቀዋል ብለው ሐኪሙን አፋጠጡት። በመጨረሻ ሥራው ንጹሕ መሆኑን መሰከሩለት። ሐኪሙ ፈተናውን በማለፉ የተደሰተ መሰለኝ።

ችግር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ወረቀት ይዛ ገባች፤ አየችኝና «ቲቸር!» ብላ ተጠመጠመችብኝ። ዶክተር ምሕረት ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳስተምራት ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ እጇን ሳታወርድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅባት ልጅ ነበረች። የመምህር ደመወዝ እንዲህ ባለ ቀን ነው የሚከፈለውና ደረቴ ተነፋ። ምሕረት የምታጠናው በሰው አጥንትና በመጋጠሚያ አካባቢ ባለው ሥጋ ውስጥ የሚጠራቀሙትን ብረታ ብረቶች ነው። ገበሬ፣ ነጋዴ፣ በያጅ፣ ቀለም ቀቢ፤ መጋጠሚያው የሚቀየርለት ሰው ከፈቀደ የወጣውን አጥንት ወስዳ ትመረምራለች። ቅጹን እያነበበች ለጋሽ ከድር አስረዳች። እሳቸውም ጨዋ ናቸውና እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ እኔ ባልፈቅድ አጥንቱ የት ይሄዳል አሉ። ልጅቱ ሐቀኛ ናት። ይቃጠላል አለች።

ጋሽ ከድር ተነሥተው ክራንቻቸውን ጠየቁ።

እንግዲህ አስቡት። ቀጠሮው ተይዟል፣ ነጂማ ደም የሚሰጥ ሰው አዘጋጅታለች፣ አባት ግን «አካሌን በእሳት አላስበላም፣ ከነሕመሜ ልሙት» ብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ለአንድ ሳምንት ሁሉም ሞከረ። የነጂማ ባል ረጅም መንገድ የሚሠራ ሹፌር ነው፤ ከሞያሌ በስልክ ለመነ። እኔም ሄጄ ስለ ሳይንስ ጥቅም ንግግር አደረግሁ። ሳይንስ እኔን ልኮ ማንን እንዳሳመነ አላውቅም። በመጨረሻ ነጂማ የመስጊዱን ሽማግሌ ይዛ መጣች። ሽማግሌው ነገሩን ሰምተው፣ ከሕያው ሰው የተለየ አካል በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ መቀበር እንጂ ሌላ ጣጣ የለበትም፤ ከእሱ ላይ ለሰው የሚጠቅም ትንሽ ቁራጭ መስጠትም ነውር የለውም አሉ። ጋሽ ከድር ቀና አሉ። ዶክተር ምሕረት ተጠራች። ስምምነቱ ባጭሩ ተጠናቀቀ፦

«ቅመሺው ልጄ። የቀረውን ግን መልሺልኝ።»

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ። ምሕረትም ቃሏን ጠበቀች፤ ከአጥንቱና ከልም አጥንቱ ጥፍር የምታህል ወስዳ ሌላውን በጥንቃቄ አሽጋ ለነጂማ አስረከበች። አሁን ነገሩ ወደ ዕድራችን ዞረ። ዕድራችን ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ ኦርቶዶክሱም ያለበት ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ እኔ ነኝ። የጋሽ ከድር አጥንት ይቀበራል ሲባል ሊቀመንበራችን አቶ ማርቆስ፣ የቀድሞ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር፣ ደንቡን አውጥተው አነበቡ። ደንቡ «አባል ሲሞት» ነው የሚለው። ጋሽ ከድር አልሞቱም። ይሁንና ቀብር አለ። አንዱ ተነሥቶ ቀብር ካለ ዕድር አለ አለ። ሌላው ዛሬ ለዳሌ ድንኳን ካወጣን ነገ ጥርሱን ያስነቀለ ሁሉ ድንኳን ይጠይቀናል ብሎ አስጠነቀቀ። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ሞቶ የተቀበረ አባል እንኳ ይህን ያህል አነጋግሮን አያውቅም። በመጨረሻ ድንኳን እንዳይወጣ፣ አግዳሚ ወንበር ግን እንዲወጣ፣ መሄድ የፈለገ በፈቃዱ እንዲሄድ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤው ላይ «የአባላችን የአቶ ከድር የግራ ዳሌ አጥንት የቀብር ሥነ ሥርዓት» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ነፍስ ይማር ልበል አልበል ግራ ገብቶኝ ብዕሬ ቆመ።

በቀብሩ ዕለት ከተጠበቀው በላይ ሰው መጣ። የራሱን ቀብር የሚቆም ሰው ማየት በየቀኑ አይገኝማ። ጋሽ ከድር በሁለት ክራንች ተደግፈው፣ ነጂማ በጎን ይዛቸው ደረሱ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው ነገር ከአንድ ሎሚ ብዙም አይበልጥም። ጉድጓዱ የተቆፈረው ከስድስት ዓመት በፊት ከሞቱት ከባለቤታቸው ከረሕመት መቃብር እግርጌ ነበር። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ሃይማኖት ነው፣ ግትርነት ነው ስል ከርሜአለሁ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰውየው ለማንም ሳይሆን ቀስ ብለው፣

«ቀሪው እስኪመጣ እሷ ዘንድ ይቆየኝ» አሉ።

ሲያበቃ ለቀስተኛው እንደ ልማዱ ተሰልፎ «አላህ ያጥናዎት» አላቸው። አሜን አሉ። ማን ማንን እያጽናና እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ ወራት አለፉ። ጋሽ ከድር ክራንቹን በአንድ ከዘራ ለወጡ፤ ግንባራቸው አሁንም መሬት ባይነካም ሽርሽራችን እስከ ሐይቁ ዳር ተመለሰ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው ግቢ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ሳለ ዶክተር ምሕረት የፕላስቲክ ማኅደር ይዛ ከባጃጅ ወረደች። ነጂማ ሁለት እርምጃ ያህል ከእኛ ርቃ ራዲያተር ላይ ጎንበስ ብላለች፤ እሳቱ በእጇ፣ የስታኞው ሽቦ በጥርሷ።

ምሕረት ውጤቱን በስልክ መናገር አልፈለግሁም አለች። ዚንኩም መዳቡም ደህና ነው፤ በአጥንትዎ ውስጥ የተገኘው እርሳስ ግን ከመረመርኳቸው ሰዎች ሁሉ ይበልጣል አለቻቸው። ጋሽ ከድር ሣቁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሱም፤ ስማቸውን የሚጽፉት ነጂማ አስተምራቸው ነው።

«ፊደል ሳልቆጥር እርሳስ ተገኘብኝ በይኛ» አሉ።

ሁላችንም ሣቅን። ምሕረትም ፈገግ ብላ ቀጠለች። ይህ እርሳስ ከደም ቶሎ ሊወጣ ይችላል፤ አጥንት የገባው ግን አሥርት ዓመታት ይቀመጣል አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንላለን፤ ለካ አጥንትም ከእነሱ ተርታ ነው። ቀስ እያለ ወደ ደም እየተመለሰ ሆድ ይቆርጣል፣ ደም ግፊት ያመጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ዳሌዎን የጨረሰው እሱ ነው ብዬ መናገር አልችልም፤ በዕድሜም ያልቃል፤ የሆድ ቁርጠቱ ግን ሳይሆን አይቀርም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ፍቅር እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

«ይህን እንኳ ቲቸር ናቸው ያስተማሩን። እርሳስ ካልሲየም መስሎ አጥንት ውስጥ ይገባል ብለው ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ እስከ ዛሬ ይታየኛል።»

ጋሽ ከድር የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ታውቅ ነበር?»

በሕይወቴ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄአለሁ፤ ይህን ያህል አጭርና ከባድ ግን አላጋጠመኝም። አውቅ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፣ በየዓመቱ ለፈተና አውጥቼዋለሁ፣ ያልመለሰውን ልጅ ነጥብ ቀንሼበታለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ ጎረቤቴ ያንኑ እርሳስ በጥርሱ ይዞ ሲሠራ እያየሁ ጋዜጣ አነባለሁ። ሰሌዳው ላይ ያለው እርሳስና ግንቡ ማዶ ያለው እርሳስ አንድ መሆናቸው አንድ ቀን እንኳ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ ነው ልበላችሁ? አንዳንዴ ትዝ ይለኝ ነበር። በሰው እንጀራ ምን አገባኝ፣ አዋቂ ነኝ ባይ እባላለሁ እያልኩ ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እውነት ነው፤ የገባው ሌላ ሰው አጥንት ውስጥ ነው።

«የማውቀው ለፈተና ነበር፣ ጋሽ ከድር» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ዐይናቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ። ነጂማ እሳቱን አጥፍታ ቆማለች። ሽቦውን ከጥርሷ መሃል አውጥታ እጇ ላይ ትመለከተዋለች። ከዚያ ማንንም ሳታይ ምሕረትን ጠየቀቻት።

«እርጉዝ ሴትስ?»

ይህን ስትል አባቷም፣ እኔም፣ ግቢው ሁሉ መጀመሪያ መስማታችን ነበር። ስምንት ዓመት የተጠበቀ እርግዝና ነው፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ለማንም አልናገርም ብላ ሸሽጋው ኖሯል። የምሥራቹ እንዲህ ሆኖ ተነገረ። እልል የሚልለት ሰው አጣ። ምሕረት ማኅደሯን ዘግታ ከነጂማ አጠገብ ተቀመጠች፤ በነጋታው ደም ተወስዶ ለምርመራ አዲስ አበባ ተላከ።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ያለፉት ሳምንታት አይነሡብኝ። ጋሽ ከድር ለሽርሽር አልጠሩኝም። እኔም በረንዳዬ ላይ መቀመጥ ተውኩ። ምግብ ሲቀርብ አልበላ ስላልኩ ባለቤቴ ጥሬ ሥጋ በላህ እንዴ አለችኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መታገሥ አልቻልኩምና ማልጄ ሄድኩ። ይቅርታ ለማለት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ መምህር ያለ ዝግጅት አይገባም። ጋሽ ከድር ግን ገና ስጀምር አቋረጡኝ። እኔም ሽቦው አፌን እንደሚመረኝ ከጀማሪነቴ አውቅ ነበር፣ ለልጄም ስሰጣት መራራ መሆኑን ነግሬ ነው የሰጠኋት አሉ። ከዚያ ወንበር አመለከቱኝ። በዚያ ሰዓት ከዚያ የሚከብድ ይቅርታ አልነበረም።

ውጤቱ መጣ። ነጂማ ደም ውስጥ እርሳስ አለ፤ የሚያስደነግጥ ባይሆንም የሚናቅ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ስታኞ አጠገብ እንዳትደርስ፣ በደንብ እንድትመገብ፣ በየጊዜው ደሟ እንዲታይ ታዘዘ። ነጂማ ግን የአባቷ ልጅ ናት። ደንበኛ አንዴ ከሄደ አይመለስም፣ አፌን ሸፍኜ እሠራለሁ፣ ደግሞስ እኔ ካልያዝኩ ማን ይይዛል እያለች ሦስት ቀን ተሟገተች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ተነሥታ ስትወጣ ቦታው ተይዟል። ጋሽ ከድር ሐኪም ያዘዘላቸውን ከፍ ያለ ወንበር ግቢው መሃል፣ ነፋስ ከሚነፍስበት ከዛፉ ሥር አስቀምጠው፣ የብረት ዳሌያቸውን አመቻችተው፣ አንድ የአውቶቡስ ራዲያተር እየበየዱ ነው።

ነጂማ ጮኸች። ምሕረት በስልክ ተቆጣች። ሰውየው አልተንቀሳቀሱም።

«የእኔ እንደሆነ ሞልቷል» አሉ። «የሞላ በርሜል ላይ ቢጨምሩበት ይፈሳል እንጂ ምን ይሆናል?»

አሁን ግን ዝም አላልኩም። ከእንግዲህ ዝም እንደማልል ለራሴ ምዬ ነበር። ፊታቸው ቆሜ አጥንት በርሜል እንዳልሆነ፣ ሞላ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ የሚጨመረው ሁሉ ኩላሊትና ልብ ላይ ጫና እንደሚያመጣ፣ ክፍል ውስጥ አስተምር እንደነበረው ሳይሆን ሰው ለሰው እንደሚናገር አስረዳኋቸው። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እሳቱን አጥፍተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ ሰሙኝ። ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መምህር» አሉኝ፣ «አርፍደሃል።»

እሳቱን መልሰው ለኮሱ።

ያላረፈድኩበት ካለ ብዬ መናኸሪያ ዙሪያ ያሉትን በያጆችና ባትሪ ሠሪዎች እየዞርኩ ማስተማር ጀመርኩ። ሰሙኝ። በማግሥቱ ዐሥር የሚሆኑ ሰዎች አጥንታችን ይመርመርልን ብለው ምሕረት ዘንድ ሄዱ። ለዚህ ዳሌያችሁ መውጣት አለበት፣ ለእናንተ የደም ምርመራ ይበቃል ስትላቸው እኩሌቶቹ ቅር ብሏቸው ተመለሱ። ሌሎቹ ደግሞ ካስተማርኩት ሁሉ «ካልሲየም» የምትለዋን ብቻ ይዘው ወጡ። ዛሬ መናኸሪያ አካባቢ የሚጠጣውን ወተት ብታዩ አገሩ ጡት ያልጣለ ሕፃን ይመስላችኋል። ስታኞው ያው በጥርስ ነው።

ነጂማ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ጤነኛ ናት፤ ምሕረት በየጊዜው እያየቻት ነው። እናትየው በረንዳ ላይ ሆና ልጇን እያጠባች፣ በሩቁ «አባዬ፣ በቀኝ በኩል ያፈሳል!» እያለች ሥራውን ትመራለች። ጋሽ ከድር ለሽቦው መያዣ የሚሆን ትንሽ ጉጠት አሠርተዋል፤ ጥርሳቸው ከዚህ ሥራ ጡረታ ወጥቷል። እኔ ደግሞ የድርሻዬን ላድርግ ብዬ ጭስ የሚከላከል፣ ደህና የሚባል ጭምብል ገዛሁላቸው። በጣም ወደዱት፤ ያለ እሱ ሥራ አይጀምሩም። ደንበኛ ሲመጣ ግን መነጋገር ስላለባቸው ወደ አገጫቸው ዝቅ ያደርጉታል። ደንበኛ ደግሞ ጠዋት ገብቶ ማታ ነው የሚወጣው።

ጢማቸው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቅንጣት እርሳስ አልነካውም።